ከጀርባ የተቀረጸ ቀሚስ

ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሱቁን ዘግቼ የዛሬውን ሒሳብ ልሠራ ተቀመጥኩና የቲክቶኩን ቁጥር ስቆጥር አመሸሁ። ትናንት ሁለት ቪዲዮ ለቀን ነበር። አንደኛው የጥለቱ ነው፤ ሸማኔው ሦስት ሳምንት የታገለበት፣ መስቀሉ ከደረት እስከ ጫፍ ሳይዛነፍ የወረደ። በቀን ብርሃን፣ ከቅርብ፣ እጄ ጨርቁን እየገለጠ። 82 ሰው አይቶታል፤ ከእነሱም ቢያንስ ስድስቱ ዘመዶቼ ናቸው። ሁለተኛው ያንኑ ቀሚስ የወንድሜ ልጅ ለብሳው፣ ከበሩ ወደ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ስትራመድ ነው። 17 ሰከንድ። ማምሻውን 40,000 አልፏል።

ቀሚሱ አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ ስልኩ አንድ።

የሚቀርጸው የሱቁ ልጅ ነው። ያስተማረው የለም፤ እዚህ ሽሮ ሜዳ የጎረቤት ሱቆች የሚለቁትን አይቶ ነው የለመደው። እሷ ስትራመድ ስልኩን ዝቅ ያደርጋል፣ ጥቂት ይከተላታል፣ ከዚያ ከወገቧ በታች ያቆመዋል። «ለምን ዝቅ አደረግከው?» ብለው «እንደሱ ነው የሚያምረው እትዬ፤ ሁሉም እንደሱ ነው የሚሠራው» አለኝ። ክፋት አላየሁበትም። ደግሞስ አይቼው «ልቀቀው» ያልኩት እኔ አይደለሁም?

ከዚያ ቪዲዮ የተነሳ ዛሬ ሁለት ቀሚስ ተሸጧል። ይህንን ካልጻፍኩ የቀረው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ታኅሣሥ 14

አስተያየቶቹን አንብቤ አላውቅም ነበር። ዋጋ የጠየቀ ካለ ልጁ ይመልሳል። ዛሬ ስለቀረ እኔ ገባሁበት።

«ቀሚሱን ተዉትና ለባሿ ስንት ናት?» የሚለውን ቀልድ ሃያ ምናምን ሰው ጽፎታል፤ እያንዳንዱ መጀመሪያ ያሰበው እሱ ይመስለዋል። ስለ ዳሌዋ የተጻፈውን እዚህ አልደግመውም። ከእነሱ ሥር ደግሞ ሌላው ወገን ተሰልፏል፤ «ባህላችንን አዋረዳችሁት»፣ «እናቶቻችን እንዲህ ነበር የሚለብሱት?»፣ «ይቺ አባት የላትም?»። ቀሚሱ እኮ ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው፤ እጅጌው ሙሉ ነው። የእናቴም እንዲህ ነበር፤ እንዲያውም የእሷ አንገቱ ሰፋ ይል ነበር።

አንዱ ስም ሁለቴ የታየኝ መሰለኝና ወደ ላይ ተመለስኩ። አልተሳሳትኩም። ጠዋት ዋጋዋን የጠየቀው ሰውዬ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ «ጨዋ ልጅ እንዲህ አደባባይ አትወጣም» ብሏል። በገጹ ፎቶ ላይ ሕፃን ልጅ ታቅፏል።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ኋላ ግን መደርደሪያውን ሳስተካክል ነገሩ ገባኝ። ሰውየው አልተምታታበትም፤ የተናገረው አንድ ነገር ነው። ዋጋ የሚጠይቅም፣ ዕቃው ለምን ውጭ ተሰጣ ብሎ የሚቆጣም፣ ሁለቱም ዕቃ አለ ብለው ያመኑ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ቆጣሪ ጀርባ ቆሜአለሁ፤ ገበያተኛ ሲናገር አውቀዋለሁ።

ታኅሣሥ 20

እሑድ ስለሆነ ወንድሜ ዘንድ ምሳ በላሁ። የነቢያት ጾም ነው፤ ሽሮው ግን ለብቻው ድግስ ነበር።

ወንድሜ ገና ከመቀመጤ «እታለም፣ ይኸው ዩኒቨርሲቲ ልጄን ፌሚኒስት አድርጎ ላከልኝ» አለ። ልጅቱ ሦስተኛ ዓመት ናት። ግቢ ውስጥ ስለ የሎው ሙቭመንት፣ ስለ ሴታዊት፣ ስለ እነዚህ የሴቶች መብት ቡድኖች ስትሰማ ቆይታ አሁን ራሷ ታወራበታለች። እሱ እንደሚለው ፌሚኒስት ማለት ወንድ የምትጠላና ባል የማታገኝ ናት። ይህንን እያለ ሚስቱን ውኃ አምጪ አላት፤ ማሰሮው ያለው እሱ አጠገብ ነው።

እኔ ቃሉን አልወደውም፤ አፌ ላይ ይከብደኛል። ግን አንድ ነገር አነሳሁበት። እኔ ሳገባ የሚሠራው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር፤ የቤተሰቡ ራስ ባል ነው ይላል፣ የጋራ ንብረቱንም የሚያስተዳድረው እሱ ነው። የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ሲሻሻል ነው ያ የተፋቀው። ሴት የሕግ ባለሙያዎች እየዞሩ ሲከራከሩ በሬዲዮ ስንሰማ «እነዚህ ሥራ የላቸውም?» ያለው ይኸው ወንድሜ ነበር። በኋላ ሱቄን ሳሰፋ እኩል ፈርሜ ነው። እሱም ሲቸግረው ከዚያ ሱቅ ነው የሚበደረው። ዝም አለ፤ ሽሮውን ጨመረልኝ።

ማታ ልጅቱ ልትሸኘኝ ወጣችና መንገድ ላይ ስለ አንድ ሙከራ ነገረችኝ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ነው። ወንድና ሴት ተማሪዎችን አንድ በአንድ መስተዋት ያለበት ክፍል አስገቡ፤ ገሚሱ ሹራብ፣ ገሚሱ የዋና ልብስ እንዲሞክር ተደረገ። ልብሱን እንደለበሱ የሒሳብ ፈተና ሰጧቸው። የዋና ልብስ የለበሱት ሴቶች ሹራብ ከለበሱት ያነሰ አመጡ፤ ወንዶቹ ላይ ልዩነት አልታየም። ክፍሉ ውስጥ የሚያያቸው ሰው አልነበረም። «ገባሽ እቴቴ? ተመልካቹን ይዘነው ነው የምንዞረው» አለችኝ።

አንድ ሙከራ ዓለምን አይገልጽም፤ እኔ ግን ሌላ ማስረጃ አልጠየቅኳትም። ከሱቄ መጋረጃ ጀርባ በየቀኑ የማየው ነው። ወንዱ ልብስ ሲለካ «ይመቻል» ወይም «አይመችም» ይላል። ሴቷ ትዞርና በትከሻዋ ላይ ዞር ብላ ኋላዋን ታያለች።

ታኅሣሥ 23

ዛሬ የሰማሁት ለሥራዬ ስለሚቀርብ ልጻፈው። እ.ኤ.አ. በ2000 ጄኒፈር ሎፔዝ ለግራሚ ሽልማት ምሽት አረንጓዴ የቬርሳቼ ቀሚስ ለብሳ ወጣች፤ ደረቱ እስከ እምብርት የተከፈተ። በማግስቱ ዓለም ሁሉ ጉግል ላይ ፈለጋት። ያኔ ጉግል የሚያመጣው ጽሑፍ ብቻ ነበር። በዓመቱ የፎቶ መፈለጊያውን ከፈተ፤ የኩባንያው አለቃ የነበሩት ኤሪክ ሽሚት ለዚያ ምክንያት የሆነው ያ ቀሚስ መሆኑን ከጊዜ በኋላ ጽፈዋል።

ቀሚሱን ፈለጉት ነው የሚሉት። ቀሚስ ሻጭ ነኝና ይህንን ለእኔ ባይነግሩኝ ጥሩ ነበር።

ማርክ ዙከርበርግም ፌስቡክን ከመክፈቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ሃርቫርድ ተማሪ ሳለ፣ የተማሪዎችን ፎቶ ሁለት ሁለት እያደረገ በመልክ ማን ይበልጣል የሚያሰኝ ገጽ ሠርቶ ነበር። በቀናት ውስጥ ዩኒቨርሲቲው አዘጋው። እንግዲህ የሱቄ ልጅ ስልኩን ዝቅ ቢያደርግ ምን ይገርማል? መንገዱን እሱ አልቀየሰውም።

ታኅሣሥ 27

የገና ሰሞን ሰው አይነጥፍም። አንዲት እናት የ13 ዓመት ልጇን ይዛ ለጥምቀት ልታሰፋላት መጣች። ልጅቱ ስልኳን አወጣችና የራሷን ፎቶ አሳየችኝ፤ ፊልተር ወገቧን የክር ያህል አድርጎታል። «እንደዚህ ይሁንልኝ» አለች። ሜትሬን ይዤ ቆምኩ። ቀሚስ ማጥበብ እችላለሁ፤ ያ ወገብ ግን በሜትር የሚለካ አይደለም። እናትየው ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ልጅቱ አልሳቀችም።

እ.ኤ.አ. በ2021 የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን ይዛ ባወጣችው ሰነድ ላይ ኩባንያው ራሱ ያስጠናው ነገር ነበረበት፤ በሰውነታቸው ደስ የማይላቸው ከነበሩት ወጣት ሴቶች 32 በመቶው ኢንስታግራም ስሜታቸውን እንዳባሰባቸው ተናግረዋል። ሴንቲ ሜትር በሌለበት ሜትር ራሷን የምትለካ ልጅ ሱቄ ድረስ መጥታ አየኋት።

ሁለት ጣት አስፍቼ ቆረጥኩት። ታድጋለች።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ጃንሜዳ ነበርኩ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ብሎ የተረተውን ሰው ባገኘው ኮሚሽን እከፍለው ነበር። የእኔን ሥራ ብቻ አሥራ አንድ ቆጠርኩ።

ማየትና መታየት ትናንት የመጣ አይደለም። ጥምቀት ድሮም የመተያያ ቀን ነው። እናቴ ሎሚ ተወርውሮላታል፤ ደረቷ ላይ አረፈ፣ ወርዋሪውም አባቴ ሆነ። ይህንን ስትናገር ሰባ ዓመት አልፏትም ታፍር ነበር፤ ደስም ይላት ነበር። ሎሚ የወረወረ ግን ፊቱን ይዞ ነው የሚቆመው። ያያታል፣ ታየዋለች። ካልወደደችው ሎሚውን ረግጣ ታልፋለች፣ ጓደኞቹ ይስቁበታል። ለዓይኑ ዋጋ ይከፍላል።

ዛሬ ያየኋቸው ሦስት ጎረምሶች እስክስታ ከሚወርዱ ልጆች ጀርባ ቁጢጥ ብለው ስልካቸውን ወደ ላይ አንጋጠው ነበር። አንዷ ዞር ስትል ስልኩ ኪስ ገባ። ሎሚና ስልክ የሚለያዩት እዚያ ላይ ነው።

ሌላ ጉድ። ጸበሉ ሲረጭ በማለዳው ሲልቨር ስፕሪንግ ካለች ደንበኛዬ «ቲክቶክ ተዘጋብን» የሚል መልእክት መጣ። አሜሪካ በሕግ አገደችው፤ ሁለት ቀሚስ ያዘዘችው ከዚያው አይታ ነበር። ግማሽ ቀን ያህል ጠፍቶ ተመለሰ። በዚያ ግማሽ ቀን ያሰብኩት ስለ ባህል አይደለም፤ ስለ መጋቢት ኪራይ ነው።

ጥር 20

ያ የታኅሣሥ ቪዲዮ ተሰርቋል። አንድ ቻናል ላይ ከሌሎች ልጆች ቪዲዮ ጋር ተቀጥሏል፤ የሱቁ ስም ተቆርጦ፣ እርምጃዋ እንዲዘገይ ተደርጎ፣ ከላዩ የስድብ ስም ተጽፎበት። የክፍሏ ልጆች ናቸው ያሳዩአት። ሁለት ቀን ክፍል አልገባችም።

ለመተግበሪያው አመለከትን። በአርባ ደቂቃ መልስ መጣ፤ መመሪያችንን አይጥስም። ወደ ጣቢያ ሄድን። ተረኛው ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ ከፍቶ አየው። ሁለተኛው ለምን እንዳስፈለገው አልጠየቅኩም። «ለብሳለች እኮ፤ ምን ሆነች?» አለን።

አንዲት የማውቃት ጠበቃ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁን፣ 958/2008ን፣ አንቀጽ 13 አነበበችልን። ዛቻና ስም ማጥፋት ተጠቅሷል። «በተጻፈባት ስድብ ልንሞክር እንችላለን» አለች። የሰውን እርምጃ ማዘግየት ግን አንቀጽ የለውም። ለባሽዋን ራቁቷን ያደረጋት ያ ማዘግየት ነበር፤ እሱን እንዴት አድርጌ ለፖሊስ እንደማስረዳ እስካሁን አላወቅኩም።

ወንድሜ ደወለ። «ለምን ተቀረጸች?» አለ። ለምን ቀረጸ አላለም፣ ለምን ሰረቀ አላለም። ልመልስለት አፌን ከፈትኩና ቪዲዮው የእኔ መሆኑ ትዝ አለኝ።

የካቲት 12፣ የሰማዕታት ቀን

ሚላን ለብዙ ዓመት የኖረች ደንበኛ መጣች። እሑድ እሑድ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ የገዛችውን ፎቶ አወጣች፤ ለልጇ ሠርግ እንደዚህ ያለ ቀሚስ ትፈልጋለች። ከጀርባው በጣሊያንኛ የተጻፈ አለ፤ «ቆንጆ አቢሲኒያዊት» ማለት ነው አለችኝ፣ 1936 ይላል።

አንዲት ወጣት ሴት ጎጆ ፊት ለፊት ቆማለች። ነጠላዋ ከአንድ ትከሻዋ ወርዶ ጡቷ ታይቷል። እኔ ያየሁት ነጠላውን ነው፤ ሙያዬ ነው። ነጠላ በራሱ እንደዚያ አይወርድም። ከትከሻ ሲንሸራተት ጫፉ ወደ ፊት ይመጣል፤ ይኼ ወደ ኋላ ነው የሄደው። የጎተተው እጅ አለ። እሷ ሌላውን ጫፍ ጨብጣለች፤ ልትመልሰው ይሁን «እንዲህ አድርገሽ ያዥ» ተብላ፣ ከፎቶው አይታወቅም።

እንዲህ ያለ ፎቶ በፖስት ካርድ እየታተመ ለጣሊያን ወታደሮች ይሸጥ ነበር። ያኔ «ፋቼታ ኔራ» የሚል ዘፈንም ነበራቸው፣ እ.ኤ.አ. የ1935። ጥቁሯን ቆንጆ ነፃ አውጥተን ሮም እንወስድሻለን እያለ ጎረምሳውን ወደ ጦርነቱ የሸኘ። ወዲያው ደግሞ የሙሶሊኒ መንግሥት ራሱ ዘፈኑን ጠላው፤ ዘር ያቀላቅላል ብሎ። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው ሕግ ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ያዝዛል። ጠዋት «ስንት ናት?»፣ ከሰዓት በኋላ «ጨዋነት የት ሄደ?»። ያንን ሕፃን የታቀፈ ሰውዬ አስታወሰኝ።

ደንበኛዬ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ በወታደርነት ዘመኑ የ12 ዓመት ኤርትራዊት ከአባቷ በገንዘብ እንደገዛ በራሱ አንደበት መናገሩን ነገረችኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ በቴሌቪዥን ይህንኑ ሲያወራ አሥመራ የተወለደችው ኤልቪራ ባኖቲ ከታዳሚው ተነስታ አፋጠጠችው፤ ነጭ ልጅ ብትሆን ምን ትለው ነበር ብላ። ሚላን ያለው ሐውልቱ ላይ እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2019 ሴቶች ሮዝ ቀለም ደፉበት። ደንበኛዬ በማግስቱ አይታዋለች። «ቀለሙ ከልብሱ ጋር ይሄድ ነበር» ብላ ሳቀች።

ደራሲዋ መዓዛ መንግሥቴ እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን ስትሰበስብ ኖራለች፤ በዚያ ጦርነት ስለተዋጉ ሴቶች የጻፈችው ልቦለድ እ.ኤ.አ. ለ2020 ቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቷል። መጽሐፉ ውስጥ እስረኞችን ፎቶ የሚያነሳ ጣሊያናዊ ወታደር አለ። ካሜራ ያዢ ሁሌም አለ ማለት ነው።

ለቀሚሱ ንድፍ ፎቶውን ስገለብጥ ነጠላውን ትከሻዋ ላይ መልሼ ሳልኩት። አልተጠየቅኩም።

የካቲት 29

ማርች 8። አንድ መሥሪያ ቤት ለ46 ሴት ሠራተኞቹ አንድ ዓይነት ቀሚስ አሰፍቶ ነበር፤ ለማስረከብ ሄድኩ። አዳራሹ በአበባ ተሞልቷል። ሦስት ወንድ ኃላፊዎች ስለ ሴት ልጅ ክብር ተናገሩ። 46ቱ ሴቶች በአዲሱ ቀሚስ ቡና አቀረቡላቸው። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ካሜራማን መጣ። «ትንሽ ዞር በሉ፣ እንዲህ ጎን» አላቸው። ዞሩ።

ሒሳቤን ተቀበልኩ።

መጋቢት 1

የወንድሜ ልጅ ሱቅ መጣች። ከጥር ወዲህ ቀሚስ አልለበሰችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ሌላ ልጅ ልፈልግ እያሰብኩ ነበር፤ ይህንን አልነገርኳትም። ከቦርሳዋ የደብተር ወረቀት አወጣች። «ውል ነው እቴቴ» አለች።

ውሉ አጭር ነው። በአንድ ቪዲዮ 1,500 ብር። ስሟ ወይም ገጿ አይጠቀስም። አጥፊው ካለች በዕለቱ ይጠፋል። ሳይለቀቅ በፊት ታየዋለች። ከጀርባ ስለመቀረጽ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ ይፈቀዳል፣ ካሜራው የሚቆመው ጥልፉ ላይ እስከሆነ ድረስ።

ከጀርባ ጨርሶ እንዳትቀረጽ የምትጠይቅ መስሎኝ ነበር። «ጀርባዬን አላፍርበትም» አለች።

«አንቺ ራስሽ ኢንስታግራምሽ ላይ ከዚህ የባሰ አጭር ለብሰሽ ለጥፈሻል» አልኳት። ይህንን ሳልናገር ሁለት ወር ይዤው ቆይቻለሁ።

«የለጠፍኩት እኔ ነኛ።»

«ወደ ላይ የሚያወጣው ግን ያው ማሽን ነው። አንቺን ደስ ስላለሽ አይደለም የሚያሳይሽ።»

ወዲያው አልመለሰችልኝም። «እሱን እኔም አስባለሁ» አለች ቆይታ። እንደዚህ ስትለኝ ከመከራከር ይልቅ አመንኳት። ሁለታችንም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘን ቡና አፈላን።

ከዚያ በዋጋው ገባን። 1,000 አልኳት። ገና ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አፈርኩ፤ ግን ነጋዴ ነኝ። እስከ ዛሬ በነፃ ለብሳልኛለች፤ ምሳ ጋብዤ፣ «ለአክስትሽ አይደል?» ብዬ። 1,300 ላይ ተስማማን። ያለፉትንም እንድከፍል ጠየቀች። በሁለት ጊዜ እከፍላለሁ ብዬ ፈረምኩ።

የመጨረሻው አንቀጽ የታኅሣሡ ቪዲዮ እንዲሰረዝ ነው። ከመሰረዜ በፊት ቁጥሩን አየሁት፤ 310,000። ትናንት ማታ እንኳን ከዚያው አይታ የደወለች ነበረች። ሰረዝኩት። ቻናሉ ላይ ያለው ቅጂ ግን እንዳለ ነው።

ልጁ ስልኩን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ዛሬ አዲስ የመጣ የመነን ቀሚስ ነበር፤ ልትለብሰው ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። እዚያው ሆና ድምጿን ከፍ አድርጋ «እቴቴ፣ ማን ነው የሚቀርጸው? እሱን አልጻፍነውም» አለች። ልጁ ወደ እኔ አየ። እኔ ስልክ ቀጥ አድርጌ መያዝ አልችልም፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። ወረቀቱን መልሼ ዘረጋሁትና እስክሪብቶ መፈለግ ጀመርኩ።